የምርጫ ወረዳ ወሰንና የሕዝብ ድምፅ ሚዛን

በፌዴሬሽን በተያያዘ መንግሥት ውስጥ የሥልጣን ክርክር ሲነሣ፥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ማዕከላዊው መንግሥትና አባል መንግሥታቱ ሥልጣንን እንዴት እንደ ተካፈሉ ነው። ቀረጡ የማን ነው? ፖሊሱ የማን ነው? በወደቡና በመንገዱ የሚያዝበት ማን ነው? እየተባለ ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይነገራል። ነገር ግን ከዚህ ያላነሰ ክብደት ያለው፥ ብዙ ጊዜም የሚዘነጋ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም በአባል መንግሥቱ ምክር ቤት የሚቀመጡት እንደራሴዎች በስንት ሰው ቁጥር ይመረጣሉ? የሚመረጡበትንስ ወረዳ ወሰን የሚያሰምረው ማን ነው? የሚለው ነው። ግብር የሚጥለውም በጀት የሚደለድለውም ይኸው ምክር ቤት ስለ ሆነ፥ የወረዳው ወሰን የተዛባ እንደ ሆነ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ ይዛባል።

ይህን ጉዳይ በምሳሌ ለማስረዳት ከተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ታሪክ የበለጠ አይገኝም። እዚያ 50 አባል መንግሥታት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕገ መንግሥት፥ የራሳቸው ምክር ቤት፥ የራሳቸው አገረ ገዢና የራሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሏቸው። ከእነዚህም ሕግጋተ መንግሥት አንዳንዶቹ ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በዕድሜ ይቀድማሉ፤ በ1780 የጸደቀው የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ከ1787ቱ የፌዴራል ሕገ መንግሥት 7 ዓመት ይበልጣል፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቈጠራል። የቈጠራው ዓላማ ለታሪክ መዝገብ ብቻ አይደለም። የእንደራሴዎች መቀመጫ ለየአባል መንግሥታቱ የሚደለደለው በዚሁ ቍጥር ነው። ከዚያም በኋላ እያንዳንዱ አባል መንግሥት ግዛቱን በምርጫ ወረዳዎች ይከፋፍላል። ድልድሉ ሒሳብ ነውና ብዙ አያከራክርም፤ ክርክሩ ያለው በመከፋፈሉ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እርሳሱን የያዘው ሰው የራሱ ፍላጎት ያለው መሆኑ ነው።

የአንድ አገረ ገዢ ስም

የወረዳ ወሰንን ለወገን ጥቅም ማጣመም ጥንታዊ ሥራ ነው። በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዢ የነበሩት ኤልብሪጅ ጄሪ ወገናቸው ባዘጋጀው አዲስ የወረዳ አከፋፈል ሕግ ላይ ፈረሙ። ከተከፋፈሉት ወረዳዎች አንዱ በኤሴክስ አውራጃ ዙሪያ ተጠማዝዞ የሚሄድ ረዥምና ቀጭን ቅርጽ ነበረው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አንድ የቦስተን ጋዜጣ ካርታውን ክንፍና ጥፍር አበጅቶለት፥ ሳላማንደር ከሚባለው እንሽላሊት መሰል ፍጥረት ጋር አመሳስሎ በሥዕል አወጣው። የአገረ ገዢው ስምና የእንስሳው ስም ተጋጥመው «ጄሪማንደር» የሚል ቃል ተወለደ። የተንኰሉ ውጤት በምርጫው ቀን ታየ። የጄሪ ተቃዋሚዎች በድምፅ ብዛት ሲበልጡ፥ ከ40ዎቹ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መቀመጫዎች 29ኙን የጄሪ ወገን ወሰደ። ጄሪ ራሳቸው ግን የአገረ ገዢነቱን ምርጫ በዚያው ዓመት ተሸነፉ። የአገረ ገዢ ምርጫ በመላው ግዛት አንድ ሆኖ የሚካሄድ ስለ ሆነ ወሰን ሊያጣምሙለት አይቻልምና።

በዝምታ የሚሠራ በደል

ጄሪ የሠሩት ወሰንን በማንቀሳቀስ የሚፈጸም በደል ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ወሰኑን ባለማንቀሳቀስ የሚፈጸመው ነው። ይህ ሁለተኛው ድምፅ የሌለው በመሆኑ ከፊተኛው ይልቅ ረዥም ዕድሜ ነበረው።

የቴነሲ ሕገ መንግሥት በየ10 ዓመቱ መራጮች እንዲቈጠሩና መቀመጫዎች በቍጥራቸው መጠን እንደገና እንዲደለደሉ ያዝዝ ነበር። ምክር ቤቱ ግን ይህን ትእዛዝ ለመጨረሻ ጊዜ የፈጸመው በ1901 ነበር። ከዚያ በኋላ 60 ዓመት ሙሉ ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ተጽፎ ተቀመጠ፤ ሥራ ላይ ግን አልዋለም። በነዚህ 60 ዓመታት ውስጥ የገጠሩ ሕዝብ ወደ ሜምፊስ፥ ወደ ናሽቪልና ወደ ኖክስቪል ፈለሰ። የቴነሲ መራጮች ቍጥር በ1901 ከነበረበት 487,380 ተነሥቶ በ1960 ወደ 2,092,891 አደገ። መቀመጫዎቹ ግን በቀድሞው ቦታቸው ቀሩ። በመጨረሻም ከመራጩ ሕዝብ 37 በመቶ የሚሆነው ከ33ቱ የሕግ መወሰኛ አባሎች 20ውን የሚመርጥበት፥ 40 በመቶ የሚሆነው ከ99ኙ እንደራሴዎች 63ቱን የሚመርጥበት ደረጃ ላይ ተደረሰ። በትንሿ ሙር አውራጃ የሚሰጥ የአንድ ሰው ድምፅ በሃሚልተን አውራጃ የሚሰጡትን የ19 ሰዎች ድምፅ ያህል ይመዝን ነበር።

ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ስለ ምን አልፈጸመም? ቢባል መልሱ ግልጽ ነው። አዲስ ድልድል ሲደረግ መቀመጫቸውን የሚያጡት ድልድሉን እንዲወስኑ የሚጠየቁት እነዚያው ሰዎች ነበሩ። በገዛ ድምፁ ራሱን ከወንበር የሚያወርድ እንደራሴ በየትም አገር ብርቅ ነው። ስለዚህ በደሉን የሚያስወግደው አካል ከምክር ቤቱ ውጭ መፈለግ ነበረበት።

ከውጭ ያለው አካል ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለረዥም ጊዜ በሩን ዘግቶ ኖረ። በ1946 ከኢሊኖይ በቀረበ አቤቱታ ላይ ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ይህ የፖለቲካ እሾህ የበዛበት ጫካ ስለ ሆነ ዳኞች ሊገቡበት አይገባም ሲሉ አስጠንቅቀው ነበር። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው፥ የሜምፊስ ከተማ የሚገኝበት የሼልቢ አውራጃ አስተዳደር ሊቀ መንበር ቻርልስ ቤከር ከሌሎች መራጮች ጋር ሆነው የቴነሲን የመንግሥት ጸሐፊ ጆ ካርን ከሰሱ። መጋቢት 26 ቀን 1962 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ዳኞች ድምፅ በ2 ላይ እንዲህ ያለው አቤቱታ በፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል ሲል ወሰነ። ዳኛ ዊልያም ብሬናን የጻፉት ይህ ፍርድ አንድ ወረዳ እንኳ አላሰመረም፤ በሩን ብቻ ከፈተ። በተከፈተውም በር ከብዙ አባል መንግሥታት አቤቱታ ይጐርፍ ጀመር።

የአላባማ ክርክር

ከነዚህም አቤቱታዎች ከፍ ያለ ስም ያገኘው የአላባማ ነው። አላባማ በ1901 ያወጣችው ሕገ መንግሥት በዓላማው ግልጽ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው ጉባኤ ሊቀ መንበር ጆን ኖክስ ዓላማው የነጮችን የበላይነት በሕግ ማጽናት መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። በመራጮች ላይ የነፍስ ወከፍ ግብርና የማንበብ ፈተና በመጣል ጥቁሮችን፥ ከእነርሱም ጋር ብዙ ድኾች ነጮችን ከምርጫ አስወጣ። ይኸው ሕገ መንግሥት መቀመጫዎች በየ10 ዓመቱ በሕዝብ ቍጥር መጠን እንዲደለደሉ ያዝዝ ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን የ1900ን ቈጠራ ይዞ እስከ 1960ዎቹ ደረሰ። ከዚህም የተነሣ የ15,417 ሰዎች መኖሪያ የሆነው የላውንድስ አውራጃ አንድ የሕግ መወሰኛ አባል ሲኖረው፥ ከ600,000 በላይ ሕዝብ ያለበት፥ የበርሚንግሃም ከተማና የብረት ፋብሪካዎች የሚገኙበት የጄፈርሰን አውራጃም የነበረው ያው አንድ ብቻ ነበር። ከአላባማ ሕዝብ ሩብ የሚያህለው ከሁለቱም ምክር ቤቶች አብላጫውን ሊመርጥ ይችል ነበር።

የአላባማ ጠበቆች ያቀረቡት መከራከሪያ በፌዴሬሽን ጉዳይ ለሚያስብ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። በፌዴራሉ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እያንዳንዱ አባል መንግሥት ታላቅም ቢሆን ታናሽም ቢሆን ሁለት ሁለት አባሎች አሉት፤ እንግዲህ አላባማም አውራጃዎቿን እንደ አባል መንግሥታት ቈጥራ ለእያንዳንዱ እኩል ውክልና ብትሰጥ ምን ነውር አለበት? አሉ። የፌዴራሉ አሠራር ልዩነት የሚያስከትል መሆኑ እውነት ነው። በ2020 ቈጠራ ካሊፎርኒያ 39,538,223፥ ዋዮሚንግ 576,851 ሕዝብ ነበራቸው፤ በሕግ መወሰኛው ግን እኩል ይቀመጣሉ።

ፍርድ ቤቱ ሰኔ 15 ቀን 1964 በ8 ድምፅ በ1 ላይ የሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። አባል መንግሥታቱ ወደ ፌዴሬሽኑ ሲገቡ በየራሳቸው የቆሙ መንግሥታት ነበሩ፤ እኩል ውክልና የተሰጣቸው አንድነቱ እንዲመሠረት የተደረገ የስምምነት ዋጋ ነው። አውራጃዎች ግን መንግሥታት ሆነው አያውቁም፤ አባል መንግሥቱ ለአስተዳደር ምቾት ያቋቋማቸው፥ ሲሻው የሚያጥፋቸው ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ ለመንግሥታት የተሰጠው መብት ለአውራጃ አይወረስም። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኤርል ዋረን እንደራሴዎች የሚወክሉት ሰውን እንጂ ዛፍንና መሬትን አይደለም ሲሉ ፍርዱን አብራሩ። ስለዚህ የአባል መንግሥቱ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሕዝብ ቍጥር መጠን መደልደል ግድ ሆነባቸው። በዚያው ቀን ከኮሎራዶ የቀረበውም ክርክር ወደቀ። በኮሎራዶ ተቃራኒውን አከፋፈል ያጸደቀው ራሱ ሕዝቡ በ1962 በሰጠው ድምፅ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን የአንድን ሰው እኩልነት ብዙኃኑም ቢሆኑ በድምፅ ሊሽሩት አይችሉም አለ።

ነገሩ ያለ ብርቱ ተቃውሞ አላለፈም። የኢሊኖዩ ሴናተር ኤቨረት ደርክሰን ፍርዱን የሚሽር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1965 እና በ1966 አቅርበው ነበር፤ የሚያስፈልገውን የሁለት ሦስተኛ ድምፅ አላገኙም። በአባል መንግሥታቱ በኩል አዲስ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ለማስጠራት የተደረገውም ጥረት ከሚፈለገው ቍጥር አንድ ሁለት ብቻ ጎድሎት ቀረ። እስከዚያው ድረስ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም አባል መንግሥታት ወረዳዎቻቸውን እንደገና ከፋፍለው ስለ ነበረ፥ በአዲሱ አከፋፈል የተመረጡት ምክር ቤቶች ወደ አሮጌው ለመመለስ ፍላጎት አልነበራቸውም።

ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ ያለው ትርጕም

ይህ ሁሉ የሕግ ዐዋቂዎች ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር የበጀቱን መዝገብ መመልከት ይበቃዋል። ከፍርዱ በፊት ሕዝባቸው ጥቂት፥ መቀመጫቸው ብዙ የነበሩ አውራጃዎች ከአባል መንግሥቱ ካዝና በነፍስ ወከፍ ከሌሎቹ የበለጠ ገንዘብ ያገኙ ነበር። ወረዳዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ይህ ብልጫ ጠፋ፤ ለመንገድ፥ ለትምህርት ቤትና ለጤና የሚወጣው ገንዘብ ሕዝብ ወዳለበት ቦታ አዘነበለ። ቀረጥ ከፋዩ የከተማ ነጋዴ የከፈለው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው አስቀድሞ የተሰመረው የወረዳ ወሰን መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ለአስተዳዳሪ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። የአላባማ የ1901 ሕገ መንግሥት ለአውራጃዎች ሥልጣን ነፍጓቸው ስለ ነበረ፥ አንድ አውራጃ ለአነስተኛ ጉዳይ እንኳ ግብር ለመጣል ሲሻ ዋና ከተማው ሞንትጎመሪ ድረስ ሄዶ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ያስፈልገው ነበር። በዚህም ምክንያት ማሻሻያው ከ900 በላይ ደረሰ፤ ጽሑፉም ከፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ብዙ አሥር እጥፍ ረዘመ። ዘረኛው ቃል ከውስጡ ወጥቶ እንደ አዲስ የተደራጀው ጽሑፍ በመራጮች የጸደቀው በ2022 ነው። የክፍለ ሀገሩን ሥራ ሁሉ በማዕከሉ እጅ ለመያዝ የሚሻ ሕገ መንግሥት በመጨረሻ ራሱ መታዘዣ ማኅደር እንደሚሆን ይህ ማስረጃ ነው።

ቍጥሩ ሲስተካከል ወሰኑ ሲጣመም

የሕዝቡ ቍጥር በየወረዳው እኩል መሆኑ ታላቅ ድል ነበር፤ ግን የጄሪን ጥበብ አልሻረውም። ሕዝባቸው እኩል የሆኑ ወረዳዎችን ይዞ ተቃዋሚን በጥቂት ወረዳዎች ማጨቅ፥ ወይም በብዙ ወረዳዎች በትኖ ማሳነስ ይቻላል። በ1957 የአላባማ ምክር ቤት የተስኪጊን ከተማ ወሰን ከአራት ማዕዘንነት ወደ 28 ጐን ለውጦ፥ 400 ከሚያህሉት ጥቁር መራጮች ከ4 ወይም ከ5 በቀር ሁሉንም ከከተማው ውጭ አድርጎ ነበር፤ በ1960 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ይህን አከፋፈል ተቃወመ። የዘር አድልዎን የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሲከለክል፥ የፓርቲ አድልዎ ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። በተለይ ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ እያንዳንዱን መንገድና እያንዳንዱን ሰፈር በመራጩ ዝንባሌ ለይቶ መክፈል ቀላል ሆነ። በ2012 በፔንሲልቬኒያ ዴሞክራቶች ከሕዝቡ ድምፅ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠውን አግኝተው ከ18ቱ የፌዴራል መቀመጫዎች 5 ብቻ አገኙ።

በሰኔ ወር 2019 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ድምፅ በ4 ላይ፥ የፓርቲ አድልዎ ምንም ቢከፋ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊዳኝ አይችልም ሲል ወሰነ። ይሁን እንጂ በዚያው ፍርድ የአባል መንግሥታቱ ሕግጋተ መንግሥትና ፍርድ ቤቶች መፍትሔ ሊሰጡ እንደሚችሉ ተመለከተ። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ረስተዋቸው የነበሩት የአባል መንግሥታት ሕግጋተ መንግሥት እንደገና ተፈላጊ ሆኑ።

የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚያ አስቀድሞ በ2018 በአባል መንግሥቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ምርጫ ነጻና እኩል ይሁን የሚለውን አንቀጽ መሠረት አድርጎ የ18ቱን ወረዳዎች ካርታ ሽሮ አዲስ ካርታ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ሁለቱ ፓርቲዎች 9፥ 9 መቀመጫ ተካፈሉ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል የለውም። ነገር ግን በፍርድ ቤት መታመን ብቻውን አያዛልቅም። የሰሜን ካሮላይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 የፓርቲ አድልዎን ከለከለ፤ በምርጫ የሚሾሙት ዳኞች ከተለዋወጡ በኋላ ግን በ2023 የራሱን ፍርድ ሻረ።

ስለዚህ ሌሎች አባል መንግሥታት እርሳሱን ከምክር ቤቱ እጅ ፈጽሞ ማውጣትን መረጡ። አሪዞና በ2000 በሕዝብ ድምፅ 5 አባሎች ያሉት ኮሚሽን አቋቋመች። የሚሺጋን መራጮች በ2018 ከሁለቱ ፓርቲዎች አራት አራት፥ ከማንም ፓርቲ ያልሆኑ 5 ሰዎች፥ በጠቅላላው 13 አባሎች የሚቀመጡበት ኮሚሽን በሕገ መንግሥታቸው ጻፉ። አዮዋ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ ካርታውን የሚያረቅቁት የፓርቲ ወገንተኝነት የሌላቸው የምክር ቤት ሠራተኞች እንዲሆኑ አድርጋለች፤ ምክር ቤቱ ረቂቁን ይቀበላል ወይም ይጥላል።

ይህም መከላከያ ቢሆን ፈተና አላጣውም። በ2025 በነሐሴ ወር ቴክሳስ ቈጠራ ሳይደረግ፥ በ10 ዓመቱ መካከል፥ ለአንድ ፓርቲ አዲስ መቀመጫ ለማስገኘት ወረዳዎቿን እንደገና ከፋፈለች። ገለልተኛ ኮሚሽን በማቋቋሟ ትመሰገን የነበረችው ካሊፎርኒያም በኅዳር ወር በሕዝብ ድምፅ የኮሚሽኗን ካርታ ለጊዜው አቆይታ ለሌላው ፓርቲ የሚያደላ ካርታ አጸደቀች። በሰፈሩት ቍና መሰፈር አይቀርም የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይፈጸማል፤ የሚያሳዝነው ግን ሁለት የተዛቡ ቍናዎች ተደምረው አንድ ትክክለኛ ቍና የማይሆኑ መሆናቸው ነው። በቴክሳስ የተጐዳውን መራጭ በካሊፎርኒያ የሚጐዳው መራጭ አይክሰውም።

የክፍለ ሀገር ምክር ቤትን መብት በጽሑፍ ማስፈር ብቻውን እንደማይበቃ ለማወቅ ኤርትራን የሚያውቅ አንባቢ ወደ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም። በ1952 በመጋቢት ወር 68 እንደራሴዎች ተመርጠው ነበር፤ በአስመራና በምጽዋ ሕዝቡ በቀጥታ፥ በቀሩት ወረዳዎች ግን አስቀድሞ በተመረጡ መራጮች አማካይነት ነበር። ጉባኤው ሐምሌ 10 ቀን 1952 ሕገ መንግሥቱን ተቀበለ፤ ኅዳር 14 ቀን 1962 ደግሞ ጉባኤውም ሕገ መንግሥቱም ቀሩ። በሜምፊስ ያሉት መራጮች አቤቱታቸውን ይዘው ከምክር ቤታቸው በላይ ወዳለ ዳኛ ደርሰው ፍርድ ያገኙት በዚሁ በ1962 ነበር።

የሁለቱ ልዩነት የሚገኘው በሕጉ ቃል ማማር ላይ አይደለም። የቴነሲ ሕገ መንግሥት ለ60 ዓመት ሳይፈጸም ሲኖር ቃሉ አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው የሚያስፈጽመው ነው። ነጋዴ ሚዛኑን በገዛ እጁ እንዲያትም አይፈቀድለትም፤ መርማሪ ይላክበታል። እንደራሴም ራሱ የሚመዘንበትን ወረዳ በገዛ እጁ እንዲያሰምር የተፈቀደለት እንደ ሆነ፥ መራጩ እንደራሴውን መምረጡ ቀርቶ እንደራሴው መራጩን ይመርጣል።